ጥሩምባው የተነፋ ለት

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ቤዛ ስምንት የፕላስቲክ ወንበሮች በጋሪ አስጭና ግቢ ገባች። ሰማያዊ ናቸው፤ በጀርባቸው የማኅበሯ ስም በነጭ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ባለጋሪው አንድ በአንድ እያወረደ ከግድግዳው ጥግ ሲደረድር እሷ እጇን አጣጥፋ ቆማ ታየዋለች። ቤዛ ሸክም ካየች ቀድማ የምታነሣ ልጅ ናት። ቆማ ስታይ አንድ ነገር እንደደረሰባት በዚያ ገባኝ።

«የማን ናቸው?» አልኳት።

«የቢሮው። ቢሮው ተዘጋ።»

ማኅበራቸው አሰላ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ለሴቶች መብት የሚሠራ ነበር። ፍርድ ቤት ለምትመላለስ ሴት ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ወረዳ ለወረዳ እየዞሩ ሕግ ያስተምራሉ፤ ምርጫ ሲደርስ ሴቶቹ ካርድ እንዲያወጡ ይጎተጉታሉ። ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ነበር የሚመጣው። ሰጪዎቹ ሐሳባቸውን ቀየሩና በአንድ ደብዳቤ ቆመ።

«ያለ እነሱ አይሠራም?»

«በምን ልሂድ እማማ? ጢቾ ከተማ ሠላሳ ሴቶች ቀጥሬ ነበር። የሕግ ባለሙያው አበል ይፈልጋል፣ መኪናው ነዳጅ ይፈልጋል። ትናንት ደውዬ ቀርቷል አልኩ።» ስላሳደግኳት እርስዎ አትለኝም፤ እርስዎ የምትለኝ ስታኮርፍ ብቻ ነው። ወደ ቤት እየገባች ዘወር አለችና «እርስዎ ደግሞ ሁሉም ነገር በጉልበት የሚሆን ይመስልዎታል» አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። ጢቾ ስትል ጆሮዬ ሌላውን ሁሉ ትቶታል። ከወንበሮቹ አንዱን ሳብኩና ግቢው መሐል ተቀመጥኩ። የጭላሎ ተራራ ጉሙን እስከ ወገቡ ለብሷል። ከላይ ሰፈር የሚጠበስ እሸት ሽታ ይመጣል። እኔም አንድ ጊዜ ጢቾ ልሄድ ቀጥሬ ነበር። ሳልሄድ ሠላሳ ዓመት ሊያልፍ ነው።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተቀየረ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ ባሌ እንጨት ቤት ይሠራል። ጎረቤቴ ሀሊማ ትባላለች። በሁለታችን ግቢ መካከል ካለው የአጣና አጥር ሁለት እንጨት ነቅለን መተላለፊያ አድርገን ነበር። ባሎቻችን በየክረምቱ ይደፍኑታል፤ እኛ በየመስከረሙ እንነቅለዋለን።

ሀሊማ የጢቾ ልጅ ናት። አሰላ ያመጣት ያገባችው እህል ነጋዴ ነው። እሷ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪና አቁማ ልብስ ትሰፋለች፤ ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀለች ነው የምታወራው፤ ስትስቅ ግን በኦሮምኛ ብቻ ነው፣ ስትቆጣ ደግሞ በአማርኛ ብቻ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ስጠይቃት «ቁጣዬ በደንብ እንዲገባሽ ብዬ ነው» ትለኛለች። እናቷ ከጢቾ ጩኮ ስትልክላት፣ ያ በቅቤ የራሰ የተቆላ ገብስ ዱቄት ክዳኑ ሳይከፈት ሽታው በአጥሩ ቀዳዳ ይመጣል፤ እኔም ሽታውን ተከትዬ በዚያው ቀዳዳ እሄዳለሁ። አሁን ጩኮ በየሱቁ ይሸጣል። ገዝቼ አውቃለሁ። ቅቤው ቅቤ ነው፣ ገብሱም ገብስ ነው፤ ሁለት ጣት ቀምሼ ለቤዛ እተውላታለሁ።

የሰፈራችን እድር የክርስቲያኑም የእስላሙም ነበር። ሰው ሲሞት ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ጥሩምባቸውን ይዘው ይነሡና በየመንገዱ ማጠፊያ ቆመው ይነፋሉ። ከዚያ የሟቹን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠራሉ። የሟቹን ስም አልኩ እንጂ ወንድ ከሆነ ነው። ሴት ከሆነች «የአቶ እገሌ ባለቤት» ነው የሚሉት፤ መዝገቡ ላይ ያለው ባሏ ነዋ። ሴት በስሟ አትጻፍም፤ ጉባኤ ላይ እጇን አታወጣም። ድንኳኑ ውስጥ ወጡን የምትሠራ፣ ውኃውን የምትቀዳ፣ ሦስት ቀን ቆማ የምታስተናግድ ግን እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር እኔም ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ነበር የማየው። ዝናብን ማን ይከሳል?

ዓይኔን የከፈቱት እትዬ ወርቄ ናቸው። ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ የሚኖሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከራሳቸው የማያልፍ ሴትዮ ነበሩ። ባላቸው በእድሩ ሃያ ዓመት ከፍለው ሞቱ፤ በወጉ ተቀበሩ። ከአርባቸው በኋላ ጸሐፊው ስማቸውን ሰረዘው። ወንድ ልጅ የለም፤ ስለዚህ አባል የለም። በዓመቱ ነሐሴ ላይ የእትዬ ወርቄ እናት እዚያችው ቤት ዐረፉ። ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልመጣም። ሬሳ ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን የወጣነው ስድስት ሰዎች ነን። የሚሸከም ወንድ ስለጎደለ ሀሊማና እኔም የቃሬዛውን ጫፍ ያዝን። ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ደግሞ «ማን ሞተ? ምነው አልሰማንም?» ይላል። እትዬ ወርቄ ዓይናቸውን ከቃሬዛው ሳያነሡ ይራመዳሉ። እኔ ግን እያንዳንዷን ጥያቄ በጥርሴ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

መስከረም እንደጠባ አሥራ አንድ ሴቶች ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሀሊማ በረንዳ ላይ መሰብሰብ ጀመርን። ስም አልነበረንም። ሀሊማ ትሰፋለች፤ እኔ ከቀበሌ ያገኘኋትን አንዲት ቀጭን የሕግ መጽሐፍ አነባለሁ፤ የማላውቀው ቃል ሲመጣ ሁላችንም እንገምታለን። እትዬ ወርቄ ከጥግ ተቀምጠው የተፈተለ ክር ያጠነጥናሉ። የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ ሴት በስሟ ትጻፍ፣ እጇንም ታውጣ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ወልውለው ከጨረሱ በኋላ መለሱልኝ።

«አስካለ፣ እኔ ደንብ ጠባቂ ነኝ እንጂ ደንብ አውጪ አይደለሁም። ደንብ የሚሻሻለው ከአባላቱ ከሦስት ሁለቱ ተገኝተው እጅ ሲያወጡ ነው። ሲገኙ ጠይቁ።»

«ተገኝተው ያውቃሉ?»

«ያ የእኔ ጥፋት ነው?»

ሁለት ጊዜ ጉባኤ ጠሩልን፤ አላታለሉንም። ሁለት ጊዜም አንድ አግዳሚ ወንበር የማይሞላ ሰው መጣ። የሰፈራችን ሰው ለሞት እንጂ ለስብሰባ አይወጣም። ለሞት ሲሆን ግን እርሻውን ጥሎ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ታሞ ከተኛበት ተነሥቶ ይመጣል። ይህችን ነገር ያን ጊዜ ልብ አልኳት።

ጥቅምት ላይ ሶስና የምትባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣች። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የመብት ማኅበር ነው የላካት። ስለ እኛ ከማን እንደሰማች አሁን ረስቼዋለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን ሙሉ የአሰላ ጭቃ ይዛ፣ የውጭ አገር ሰዎች የእኛን ዓይነት ትንንሽ ማኅበሮች ለመደገፍ ገንዘብ እንደሚሰጡ አስረዳችን። ዴሞክራሲና ሰብአዊ መብት እንዲጠነክር ነው አለች። የአንድ ዓመት የክፍል ኪራይ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ወደ ዲክሲስና ወደ ጢቾ እየሄድን የምናስተምርበት የመጓጓዣ ወጪ፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አብሮን የሚዞር ጠበቃ።

ሀሊማ የስፌት መኪናውን መዘውር በእጇ አቆመችው። «ጠበቃው ጢቾ ይመጣል?»

«እናንተ ካላችሁት ይመጣል።»

ምን እንዳሰበች አውቃለሁ። ታናሽ እህቷ ዘሃራ ጢቾ ነበረች። ባሏ ሞቶ ወንድሞቹ መሬቷን እስከ ደጃፏ አርሰውት ነበር፤ ሴት ምን ታርሳለች ብለው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለታኅሣሥ ተቀጥሯል። እነሱ ተከራካሪ አላቸው፤ ዘሃራ ግን ስሟን መጻፍ አትችልም።

ሶስና የጠየቀችን አንድ ነገር ነው። ሰጪዎቹ ስም ለሌላቸው ሴቶች ገንዘብ አይሰጡም፤ እናውቃቸዋለን የሚል፣ ከታወቀ የአገር ሰው ተቋም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይፈልጋሉ። በሰፈራችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጪ ማኅተም ያለው እድሩ ብቻ ነው።

ሀሊማና እኔ አብረን አቶ ተሰማ ዘንድ ሄድን። በጥሞና ሰሙንና «ደብዳቤውን እጽፍላችኋለሁ» አሉ። «ጥሩ ሥራ ነው። ብቻ ይህን የእጅ ማውጣቱን ነገር ተዉልኝ። ዴሞክራሲውን ዲክሲስም አስተምሩት፣ ጢቾም አስተምሩት። የእኛን እድር ግን አትንኩት።»

አፌ ሊከፈት ሲል ሀሊማ በነጠላዬ ሥር እጄን ጨበጠችው። «እሺ ጋሼ» አለቻቸው።

መንገድ ላይ ተጣላን። ያ መንገድ ያን ጊዜ ኮረት እንኳ አልነበረውም፤ ከግራና ከቀኝ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ እግር ሥር እየደቀቀ ይሸታል።

«እዚህ የሌለኝን ጢቾ ሄጄ ምን ብዬ ነው የማስተምረው?» አልኳት።

«ያለሽን ታስተምሪያለሽ። እድሩ የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንመለስበታለን። የዘሃራ ቀጠሮ ግን ሁለት ወር አይሞላም የቀረው።»

«እትዬ ወርቄስ?»

«እትዬ ወርቄ የሚቀበር ሰው አልቀራቸውም» አለች ሀሊማ። ከዚያ የተናገረችው ነገር ራሷን አስደነገጣትና ቆመች። «አስኩ፣ አንድ ዓመት ብቻ። አንድ ዓመት ዝም ማለት ምን ያቅትሻል?»

ዝም ማለት እንደሚያቅተኝ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ቃል ገባሁላት። እጄን በእጇ ላይ መትቼ ነው ቃል የገባሁት። ጠበቃው ሲመጣ አብረን ጢቾ እንድንሄድ፣ እናቷ ቤት እንድናድር፣ ጩኮውን ከነትኩስነቱ እንድበላ ሁሉ ተቀጣጠርን።

ሶስና በኅዳር ወር ባንዱ ረቡዕ ጠዋት ልትመለስ ሆነ። ስብሰባችንን አይታ፣ አቶ ተሰማ በእድሩ ቤት ደጃፍ ደብዳቤውን በማኅተም ሰጥተዋት ትሄዳለች። ስብሰባችን የተለመደው ከሰዓት ስለነበር ሴቶቹ ወደ ጠዋት መለወጡ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። ሀሊማ ለእንግዳዋ ምሳ ትሠራለች፤ መጥራቱ የእኔ ድርሻ ሆነ። በዕለቱ ማለዳ ኦቦ ገመዳ ቤት ሄድኩ። በአፋቸው እየዞሩ እንዲጠሩልኝ ነበር የፈለግሁት፤ ሰው ቤት ለቤት መጥራት ለሳቸው ሥራቸው ነው።

ኦቦ ገመዳ ጉንፋን ይዟቸው በጋቢ ተጠቅልለው ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ድምፄ ከድቶኛል» አሉ። በእርግጥም ከድቷቸዋል። «በአፌ ብጠራ ሁለት ቤት አላልፍም። በጥሩምባው ልጥራቸው?» ይህን ያሉት በየዋህነት ነው። እኔ የሴቶቹ ጸሐፊ ነኝ፣ ወረቀት ይዣለሁ፣ አቶ ተሰማም እንደሚመጡ ነግሬያቸዋለሁ። ደንቡን የማውቅ መስያቸው ነው።

አሥራ አንድ ቤት ነው። በእግሬ ብዞረው ቆሎ የሚቆላበትን ጊዜ ያህል እንኳ አይፈጅብኝም ነበር። ነገር ግን ጥሩምባ ሲሉ ያ ሁሉ ሰው ወደ ደጁ ሲወጣ ታየኝ። ከሦስት ሁለቱ እጅ ታየኝ። የነሐሴው ጭቃ ታየኝ።

«ይንፉት» አልኳቸው።

ያ ወር የአጨዳ ወር ነው። ጥሩምባው ከታችኛው ማጠፊያ ሲጮኽ ሰው ማጭዱን እየጣለ፣ አውድማውን እየተወ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። የወንዶቹ ፀጉርና ትከሻ ገለባ በገለባ ነው። አንዳንዱ አግዳሚ ወንበሩን ከወዲሁ ተሸክሟል። አንዲት ሴት ከሩቅ ደረቷን እየመታች ነው የመጣችው። የእድሩ ቤት ደጃፍ ሞላ፤ ሶስና ከመኪናዋ ወርዳ ሐዘን ላይ የደረሰች መስሏት ራሷን በሻርፗ ሸፈነች። ሀሊማ በእጇ ጭልፋ እንደያዘች ከግቢዋ ሮጣ ወጣች።

«ማን ሞተ?» ይላል ሁሉም። «የማን ቤት ነው?»

እኔ ልናገር የተዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን ከኋላዬ ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ወርቄ።

ሰው ዞረ። ከዚያ በፊት ድምፃቸውን ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ሰው ነበር።

«እኔ ነኝ የሞትኩት። ባሌ ያረፉ ጊዜ አብሬ ሞቻለሁ፤ መዝገቡን እዩት። እናቴን ስቀብር ያልመጣችሁት ለዚያ ነው። ዛሬ ስለመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።» ነጠላቸውን አስተካክለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ልክ እንደ ሐዘንተኛ።

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ዋጠው። ነሐሴ ላይ መንገድ ያገኘን፣ «ምነው አልሰማንም» ያለን አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ። ማንም አልሄደም።

አቶ ተሰማ ማኅተማቸውን በቆርቆሮ ሣጥን፣ ደብዳቤውን በብብታቸው ይዘው ደረሱ። «ማነው ያስነፋው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቆመው ሕዝቡን በዓይናቸው ዳሰሱት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ባርኔጣውን ያወለቀው ሽማግሌ «ተሰማ፣ ሲሞሉ ጠይቁ ብለሃቸው አልነበር? ይኸው ሞልተናል» አለ። አቶ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ልጻፍላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። «ደንብ ደንብ ነው» አሉና ጥያቄያችንን ራሳቸው አንብበው እጅ አስወጡ። ማጭድ የያዘ እጅ፣ የወፍጮ ዱቄት የነካው እጅ ወጣ። በጥቂት እጅ ብልጫ አለፈ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው እልል ያሉት።

አቶ ተሰማ ዝም እስክንል ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸው ደንብ ደግሞ በከንቱ ጥሩምባ ያስነፋ ይቀጣል ይላል። አስካለ፣ አንድ ዓመት በለቅሶ ቤት ሁሉ ውኃ ትቀጂያለሽ። ሰውን በሞት ላታለለ ማኅበር ደግሞ የእድሩን ማኅተም አልመታም።» ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሀሊማን ፈለግኋት። ከሴቶቹ ጋር እልል ብላ ነበር፤ አይቻታለሁ። አሁን ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በጣቷ ላይ እየጠቀለለች የሶስናን መኪና ታያለች። ሶስና ሄዳ አቶ ተሰማን ለመነቻቸው፤ አልሆነም። ወደ እኛ ተመልሳ «እንዲህ ያለ ነገር በሥራዬ አላየሁም» አለችን። «ግን ያየሁትን ፋይል ውስጥ ማስገባት አልችልም። የሚጠይቁኝ ማኅተም ነው።» ዓይኗ እንባ ነበረው። ገንዘቡ ሌላ ከተማ ላለ ማኅበር ሄደ።

በዚያው ዕለት ማታ ሀሊማ በአጥሩ ቀዳዳ መጣች። ያልተበላውን የእንግዳ ምሳ ለልጆቼ ይዛላቸው ነበር።

«ጥሩምባውን ንፉ ያልሻቸው አንቺ ነሽ?»

እኔ፣ ስለ እውነት ከጳጳስ ጋር የምጣላው ሴት፣ ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት። «በአፍ ይጥሩልኝ ነው ያልኩት። ሽማግሌው ተሳስተው ነው። እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ብዬ ነው እኔ ነኝ ያልኩት።»

የምሳውን ሳህን እጄ ላይ አኖረችው። «ደግ አደረግሽ» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው።

በታኅሣሥ ዘሃራ ተረታች። ማመልከቻዋን የጻፍኩላት እኔ ነበርኩ፤ የስድስተኛ ክፍል ማመልከቻ ነው፤ ዳኛው ፊት ቆሞ የሚያስረዳላት አልነበራትም። ሀሊማ ወሬውን ስትነግረኝ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ነበር። በዚያው ወር በመጀመሪያው ለቅሶ ቤት ቅጣቴን ልፈጽም ባለ ሁለት እጀታውን ትልቅ ባልዲ ይዤ ወንዝ ስወርድ ከኋላዬ መጥታ አንዱን እጀታ ያዘች። ወርደን ወጣን፣ ወርደን ወጣን። ጥር ላይ ባሏ ንግዱን ወደ ጢቾ አዛወረ፤ እሷም እህቴ ብቻዋን ናት ብላ ሄደች። የስፌት መኪናዋ ከእህል ጆንያ ላይ ታስሮ፣ እግሩ ወደ ሰማይ ሆኖ ሲሄድ አሁንም ይታየኛል። በመስከረም አጥሩን የሚነቅል ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ማለዳ ደጄ ቆሜ ጥርሴን ስፍቅ ጥሩምባው ተነፋ። ኦቦ ገመዳ በዚያ በሚታወቅ ድምፃቸው «የእድራችን አባል ወይዘሮ ወርቄ ዐርፈዋል» አሉ። በሁለቱም ቋንቋ፣ በገዛ ስማቸው። መፋቂያው አፌ ውስጥ እንዳለ አለቀስኩ። ያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። መጀመሪያ ልነግራት የፈለግሁት ሀሊማን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተገናኘነው በጣት በሚቆጠር ሰርግና ለቅሶ ነው። ስለ ጤና ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፤ ስለዚያ ረቡዕ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ሰው እንደነገረኝ ግን ጢቾ ውስጥ ፍርድ ቤት የምትሄድ ሴት ሁሉ መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው የምትሄደው። ማመልከቻ መጻፍ ብቻዋን ተማረች። ከእድሩ መዝገብም ስሟን አላወጣችም፤ መዋጮዋን በሹፌር እጅ ወደ እኔ ትልካለች፤ አንድ ወር ሳታጓድል፣ ያን ሁሉ ዘመን። አሰላ የማይኖር ሰው የአሰላ እድር ምን ያደርግለታል? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ።

ዛሬም ቢሆን እጅ በማስወጣቴ አልጸጸትም። ግን ገንዘብ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዘሃራን አታውቃትም እለዋለሁ። አንድ ጠበቃና የመኪና ነዳጅ ያን ዓመት አንዲትን ሴት መሬቷ ላይ ያቆሙ ነበር። እኔ እትዬ ወርቄን መረጥኩ። መምረጤን ሳይሆን፣ ለሀሊማ ሳልነግር መምረጤን ነው ይዤው ያረጀሁት። ፍትሕ ፍትሕ እያልኩ ለአንዲቱ ጓደኛዬ ግን ሳልፈርድላት ቀረሁ።

ቤዛ ኩርፊያዋ በርዶላት ወጣችና አጠገቤ ሌላ ሰማያዊ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጢቾ ያሉትን ሠላሳ ሴቶች ማን ሰበሰባቸው?» አልኳት።

«አዴ ሀሊማ ናቸዋ። ሌላ ማን አለ?»

«የአውቶቡሱን እኔ እከፍላለሁ። ባለሙያው ቢቀር አንቺ የተማርሽው ምን ሊሆን ነው?»

«እማማ፣ ማኅበሩ ተዘግቷል። አሁን በማን ስም ነው የምሄደው? ደብዳቤ እንኳ የለኝም።»

«ሴቶቹ ደብዳቤ ጠይቀውሻል?»

ሳቅ ብላ ስልኳን አወጣች። «ለአዴ ሀሊማ ይደውሉላቸዋ» ብላ፣ እርስዎ ብላ ቀልዳብኝ፣ ሰጠችኝ።

ስልኩ ብዙ ጊዜ ጠራ። የስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ቆመ። ለሰላምታ ጊዜ አልሰጠኋትም፤ ሰላምታ ከጀመርኩ እንደ ወትሮው በዚያው እንደምቀር አውቄያለሁ።

«ሀሊማ፣ ኦቦ ገመዳን ንፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አልተሳሳቱም። ዋሽቼሽ ነው።»

ዶሮ ከእሷ ዘንድ ይጮኻል።

«አውቃለሁ» አለች በአማርኛ። «ከመሄዴ በፊት ልሰናበታቸው ስሄድ ነግረውኛል። መቼ እንደምትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

«ያን ሁሉ ዓመት?»

«መዋጮዬን ስልክልሽ ምን መሰለሽ?»

ቤዛ ፊቷን ወደ ጭላሎ አዞረች። እንደምንም ብዬ «ቅዳሜ ከቤዛ ጋር ልመጣ ነው፤ ሴቶቹን ጥሪልን» አልኳት።

ያን ጊዜ ሳቀች። ያ ሳቅ አላረጀም። «ኮቱ» አለችኝ በኦሮምኛ፣ ነይ ነይ ስትለኝ፤ የቀረውንም በዚያው በሳቋ ቋንቋ ጨመረችልኝ፦ ነይ፣ ጩኮው ይጠብቅሻል፣ ሴቶቹን ግን እኔ በእግሬ ዞሬ እጠራቸዋለሁ፤ አንቺ ጥሩምባ እንዳታስነፊ።